አትምቱት የተባለው መስፍ

አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ያልነገድኩት ነገር ጥቂት ነው። ያገለገለ ጎማ ሸጫለሁ፣ የሠርግ ወንበር አከራይቻለሁ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ማንም የማይፈልገውን የፋክስ ማሽን በመኪናዬ ጭኜ ዞሬያለሁ። በመጨረሻ ጠፍንጎ የያዘኝ ሥራ ግን አሮጌ መስፍ ነው፤ ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስቀምጦ የሚመታበት፣ ባንድ በኩል ቀንድ ያለው፣ ሁለት ሰው የማያነሳው ብረት።

ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ "የድሮ ዕቃ" ብዬ አልፋለሁ። አንድ ጊዜ ልደት ቤት ተሳስቼ እውነቱን ተናገርኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሳህናቸውን ይዘው ወንበር ቀየሩ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ያደግኩት የቀጥቃጭ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ሰው ሩጦ በሚያልፍበት ሰፈር ነው።

እዚህ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጥርስ ሐኪሙ፣ ኢንጂነሩ፣ ጡረታ የወጣው ፓይለት ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቢላ ይቀጠቅጣል። ለዚህም የመቶ ዓመት መስፍ ካልሆነ አይሆንለትም። እኛ ጋ ልጅ የማይዳርለት ሙያ እዚህ ገንዘብ ተከፍሎበት ይማሩታል። ይህንን የተረዳሁ ቀን የፋክስ ማሽኖቹን ለቆሻሻ መኪና ሰጠኋቸው።

ሚስቴ ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። ጌታን ከተቀበለች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቡዳን መፍራት ግን ገና አልተወችም። አትላንታ ዳር፣ ፓይን ሌክ አጠገብ ያለው ቤታችን ጋራዡ ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። የመጀመሪያውን መስፍ ያስገባሁ ዕለት ያንን በር ቆለፈችና ቁልፉን ወደማላውቀው ቦታ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ወደ ጋራዤ የምሄደው ቤቱን በውጭ ዞሬ ነው።

ሥራው ዓይን ይፈልጋል። በአሮጌ የእንግሊዝ መስፍ ጎን ላይ ሦስት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ያልገባው ሰው አንድ ላይ ያነባቸዋል፤ የገባው የመጀመሪያውን በመቶ አሥራ ሁለት፣ ሁለተኛውን በሃያ ስምንት አባዝቶ ሦስተኛውን ይደምርና ክብደቱን በፓውንድ ያገኛል። ከዚያ የኩሽኔታ ኳስ ፊቱ ላይ ጥለህ ምን ያህል ነጥሮ እንደሚመለስ ታያለህ። በመጨረሻ በመዶሻ መታ ታደርገዋለህ። ጤነኛ መስፍ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ እንደ ጣሳ ነው የሚለው። ሳይመታ የተገዛ መስፍ ፊቷን ሳታያት ያገባሃት ሴት ነው፤ ሊያምርልህ ይችላል፣ ግን አትተማመንም።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ከአትላንታ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ፣ ተራራው የሚጀምርበት ቦታ አንድ ጨረታ ላይ ተገኘሁ። የሞተ ቀጥቃጭ ዕቃ ነው። የሚያሸጠው ልጁ ነበር፤ አትላንታ አቅራቢያ ሮዝዌል የሚኖር፣ ኢንሹራንስ ቢሮ የሚሠራ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ የሚረግጥ ሰው። አጫራቹ ማይክ ይዞ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲሄድ እኛም እንደ ቀብር ሸኚ ከኋላው እንከተላለን። ጉጠቱ ተሸጠ፣ ወናፉ ተሸጠ፣ መዶሻዎቹ በባልዲ በባልዲ ተሸጡ።

መስፉ ጋ ስንደርስ አንዲት አሮጊት የወጥ ቤት ወንበር አቅርበው አጠገቡ ተቀምጠዋል። የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ቦርሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። የሟቹ ሚስት ናቸው። ሁልጊዜ ጨረታ ላይ የማገኘው አንድ ጺማም ነጋዴ መዶሻውን አነሳ። አሮጊቷ መዳፋቸውን መስፉ ላይ ጫኑ።

"አትምታው።"

"ማም፣ ድምፁን ሳልሰማ እንዴት ልግዛው?"

"እንግዲያው አትግዛው።"

ሰው ሳቀ። ጺማሙ ግን መዶሻውን ቀበቶው ላይ መልሶ ሰካና ወደ ኋላ አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሻጭ አትንኩ ሲል ገዥ ወዲያው የሚያስበው ስንጥቅ ነው። እኔ ደግሞ የሰው ጥርጣሬ ዋጋ ሲያወርድ ማየት ያስደስተኛል። ቁጢጥ ብዬ ጠርዞቹን አየሁ፤ ንጹሕ ናቸው።

"እማማ፣ እጄን ላሳርፍበት?"

ትንሽ አዩኝ። "ማሳረፍ ትችላለህ" አሉኝ።

ጠዋቱ ብርዳም ነው፤ ሣሩ ላይ አመዳይ አለ፣ የነካሁት ዕቃ ሁሉ ጣት ይቆርጣል። መስፉ ግን አልቀዘቀዘም። የእሳቸው መዳፍ አሙቆት ነው አልኩ። የእሳቸው መዳፍ የዳቦ ቁራሽ አያህልም። እኔ የዳሰስኩት ደግሞ ቀንዱን እስከ ጫፉ ነው። ይህን ያሰብኩት ግን ከከፈልኩ በኋላ፣ መኪና ውስጥ ነው። እዚያው አስቤው ቢሆን ኖሮም ዋጋው ጥሩ ነበር፤ እገዛው ነበር።

በሰው እርዳታ ጭኜ ልሄድ ስል አሮጊቷ በመስኮት በኩል ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ።

"ባለቤቴ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ሥራ ሲያበቃ፣ ባዶውን መስፍ ሦስት ጊዜ ይመታ ነበር" አሉኝ። "መጣሁ፣ እራት አቅርቢ ማለቱ ነው። ልክ አምስት ሰዓት ላይ።" በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። "ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁንም ይመታል።"

ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት።

"ልጄ ጭንቅላትሽ ነው ይለኛል። ቤቱን ሊሸጠው ነው። ሮዝዌል ነርሲንግ ሆም ክፍል ይዞልኛል፤ ከሁለት ወር በኋላ ይለቀቃል። መስፉ አንተ ጋ ሄዶ እኔ ብቻዬን ከሰማሁት ልጄ እውነቱን ነው፣ እፈርማለሁ። አንተም ከሰማኸው ግን ጭንቅላቴ ደህና ነው፣ ከቤቴ አልወጣም። እደውልልሃለሁ፣ ሃኒ።"

"እሺ እማማ" አልኩ። እሺ ማለት ለእኛ መኪና አስነስቶ መሄጃ ነው።

ቤት ስደርስ ለሚስቴ መስፉን ሳይሆን የአሮጊቷን ነገር ነገርኳት። ቀጥቃጭ፣ ሙት፣ የሚመታ ብረት ስል ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። ነርሲንግ ሆም ስል ግን የያዘችውን ዕቃ አስቀመጠች። "ከቤታቸው ተገደው የመጡትን አውቃቸዋለሁ" አለች። "ሦስት ወር ሙሉ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በር በሩን ያያሉ።" ቦርሳው ጉልበታቸው ላይ እንደነበረ አልነገርኳትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ አንድ ደቂቃ ላይ ስልኩ ጮኸ። እኔ ጋራዡ ውስጥ ወንበር ይዤ ተቀምጫለሁ። የሰማሁት የጎረቤት ሣር ማጨጃና የሾርባ አጥንት የምናስቀምጥበትን አሮጌ ፍሪጅ ነው።

"ሰማኸው?"

"ሰምቻለሁ እማማ።"

ከየት እንደወጣ አላውቅም። በንግድ የዋሸሁትን ሁሉ አስቤበት ነው የዋሸሁት። ይሄ ግን ርቦኝ ሳለ ሰው ቤት ጠግቤያለሁ የምልበት አፍ ነው። እናቴ የምትሆን ሴት ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ አይደለም የሚል ቃል አፌ አልለመደም። ይሉኝታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሻንጣዬ ተፈትሾ ብዙ ነገር አየር ማረፊያ ቀርቶብኛል፤ እሱ ግን አብሮኝ አልፏል።

"ስንት ጊዜ?" አሉ።

"ሦስት።"

"ሦስት" አሉ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ከዚያ በየቀኑ ደወሉ። በየቀኑ አዎን አልኩ። ለእኔ ቀላል ነው፤ ሦስት የሚለውን ቃል እየደገምኩ ቡናዬን እጠጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን እንዲህ አሉኝ፦

"ድምፁ ተለውጧል። እኛ ጋ እንጨት ነበር በዙሪያው። አሁን ቆርቆሮ አለ፤ ከኋላው ትልቅ ቆርቆሮ። ይመልሰዋል።"

ዘወር አልኩ። ከመስፉ ኋላ ወደ ላይ የሚጠቀለለው የጋራዡ የብረት በር አለ። ጋራዤ እንዴት እንደሆነ ለሳቸው ነግሬ አላውቅም። ማንኛውም ጋራዥ በር አለው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። በማግስቱ አንድ ክምር ሰንሰለት ገዝቼ መጣሁና መስፉ ሥር አፈሰስኩት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን አነሳሁ።

"ዛሬ ከታች የሚንሿሿ ነገር አብሮት አለ" አሉ። "ምን አስጠጋህበት ሃኒ?"

ስኒዬን አስቀምጬ ጆሮዬን ወደ ሰንሰለቱ አስጠጋሁ። አንድም ቀለበት አልተነቃነቀም። የሌለ ነገር ሰምቻለሁ እያልኩ አሮጊት የማታልል መስሎኝ ነበር። ያን ቀን የገባኝ፣ እኔ የምዋሸው ስለ አንድ ያለ ነገር መሆኑ ነው። የማይሰማው ለእኔ ብቻ ነው።

ልሸጠው ወሰንኩ። አንድ የጥርስ ሐኪም ደንበኛዬ መጣ። እንዳትመታው አልኩት፤ ሳቀና መዳፉን መስፉ ላይ አሳረፈ። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። እጁን አነሳና ሱሪው ላይ ጠረገው።

"ሌላ የለህም?" አለኝ።

"ይሄ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ሌላ ካለህ ነው።" ከእሱ ግማሽ የማይሞላውን የተጎረደ መስፍ፣ ሳይከራከር፣ በጠራሁት ዋጋ ወሰደ። ሰው ሳይከራከረኝ ሲገዛ እንደዚያ ቀን ደስታ አጥቼ አላውቅም።

ልጄ ዲኬተር ከተማ አንድ የመንግሥት ቢሮ ነው የምትሠራው፤ የሽማግሌዎች ጉዳይ የሚታይበት ወረቀት ሁሉ በእጇ ያልፋል። እሁድ ልትጠይቀን መጥታ ከአሮጊቷ ጋር በስልክ ሳወራ ሰማችኝ።

"ዳድ፣ ሲሪየስሊ? ሴትየዋን ኢንከሬጅ እያደረግካት ነው!"

"ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው ናቸው።"

"ሶ ዋት? ጭንቅላቷን ኢቫልዌሽን ቢያደርጉላት፣ ላይክ፣ አንድ ሰው አብሮኝ ይሰማል ብላ ያንተን ስም ነው የምትሰጣቸው። ከዚያ አንተን ይጠሩሃል። ያኔ አልሰማሁም ብትል እሷ እብድ፣ አንተ ውሸታም። ሰምቻለሁ ብትል ሁለታችሁም እብድ።"

"ሦስተኛ ምርጫ የለውም?"

"ከሰማህ ሰማሁ በል፣ ካልሰማህ አልሰማሁም በል። ዛትስ ኢት።"

እዚህ ላደጉ ልጆች ሁሉ ነገር እንዲህ አጭር ነው።

ያለችው አልቀረም። ሁለት ወሩ ሊሞላ ሲል የአሮጊቷ ልጅ ደወለ። ድምፁ ትሑት ነው።

"ሰር፣ እናቴ መስፉን የሚሰማ ሌላ ሰው አለ ትላለች። እርስዎ ነዎት?"

"እ... እናትዎ ደግ ሴት ናቸው" አልኩት።

"ዓርብ ይዣት እመጣለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንደርሳለን። አብረን እንስማ። ከዚያ ሮዝዌል እንሄዳለን፤ ወረቀቱ የሚፈረመው ያን ቀን ነው።"

እስከ ዓርብ እንቅልፍ አልነበረኝም። እውነቱን ከተናገርኩ አሮጊቷ ከእኔ ጋራዥ ወጥተው ቀጥታ ነርሲንግ ሆም ይገባሉ። ከዋሸሁ ሰው ስለ እናቱ ጭንቅላት ዓይኔን እያየ እየጠየቀኝ ነው የምዋሸው። ሚስቴን ጠየቅኳት። "እግዚአብሔር ያለውን ተናገር" አለች። ምን እንዳለ ግን አልነገረችኝም።

ዓርብ ሃያ ደቂቃ ቀድመው ደረሱ። አሮጊቷ ያንኑ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ለብሰዋል። ያቀረብኩላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መስፉን ግን አላዩትም፣ በሩን አላዩም፣ እኔንም አላዩኝም። ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነበር። እሱ ክራቫቱን አላልቶ ከመስፉ ራቅ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ወረቀቱ ከኮቱ ኪስ ወጣ ብሎ ይታያል።

የወጥ ቤቱ በር ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ሚስቴ ከስንት ጊዜ በኋላ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች። አልገባችም፣ አልተመለሰችም።

"ጥሩ፣ ብዙ ነን" አሉ አሮጊቷ።

ሰዓቴን አየሁ። አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ፍሪጁ ማጓራቱን በድንገት አቆመ። ከትልቁ መንገድ የሚመጣው የመኪና ድምፅም፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ የለም። ጆሮዬን እስኪያመኝ አዳመጥኩ። ሕይወቴን ሙሉ አንድ ነገር ለመስማት እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። ምንም የለም።

የልጅየው ዓይን ግን ሳይነካ እንደ ተመታ ሰው ጭፍን አለ። በዚያችው ቅጽበት የአሮጊቷ ጣት ቦርሳው ላይ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፤ ዓይኑ ጭፍን፣ ጣታቸው ወረድ። እንደገናም። ሦስት። ትከሻው ዘና ሲል አየሁት፤ ያለቀ መስሎት ነበር። ከዚያ አራተኛ ጊዜ ዓይኑ ጭፍን አለና በእጁ ግድግዳውን ያዘ። እኔ ምንም ሳልሰማ ከሰው ዓይን ላይ ቆጠርኩት።

ፍሪጁ ማጓራት ጀመረ።

"ስንት ነበር?" አሉት እናቱ።

"እማ፣ እባክሽ።"

"ስንት ነበር ልጄ?"

መሬት መሬቱን አየ። "አራት" አለ።

"ለእኔ ሦስት ነው የሚመታው። አራተኛው ለማን ነው?"

"ለእኔ" አለ። ድምፁ የኢንሹራንስ ሰው ድምፅ አልነበረም። "እኔ ቤት ስሆን አንድ ይጨምር ነበር። ሁለት ሳህን አቅርቢ ለማለት።"

"አባትህ ከሞተ ወዲህ ስትጠይቀኝ ከአሥር ሰዓት በላይ ቆይተህ አታውቅም። አንድም ቀን እራት አብረኸኝ አልበላህም። እኔ ሥራ ይበዛበታል እል ነበር።" ቦርሳቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ንገረኝ። ከሁለታችን ነርሲንግ ሆም የሚገባው ማን ነው?"

ልጅየው ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ የሚለምን ዓይን ነው፤ ብቻውን አለመሆኑን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

"ሰር፣ እርስዎም ሰምተዋል አይደል?"

ሁለት ወር ሙሉ በአፌ ላይ የነበረው መልስ ዝግጁ ነበር። ሚስቴን አየሁ።

"አልሰማሁም" አልኩ። "አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ለእናትዎ የዋሸሁት አፍሬ ነው።"

"ወረቀቱ እንዲፈረምልኝ፣ ስለ እኔ ብለው ነው የሚክዱት" አለኝ። "አመሰግናለሁ። ግን መሸፈን አያስፈልግም።" በሕይወቴ ሳይመቸኝ እውነት የተናገርኩት ለአንድ ሰው ነው፤ እሱም አላመነኝም።

አሮጊቷ ግን አልደነገጡም። "አለመስማትህን ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ ሃኒ" አሉኝ። "መልስህ ፈጣን ነበር። የሰማ ሰው ትንሽ ዝም ይላል።"

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ለምን ይደውሉ ነበር?"

"ልጄ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲቆም ነበር የምፈልገው። እኔ ብጠራው አይመጣም። አንድ ሌላ ሰው ይሰማል ካልኩት ግን ያንን ሰው ሊያጋልጥ ይመጣል። እንዳንተ አዎን የሚል ሰው ጨረታው ላይ ሌላ አላየሁም።"

ብዙ ዓመት ነግጃለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ገዝቶ የሸጠኝ ሰው የለም። ልናደድ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ልጅየው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። አላነበበውም፣ አልቀደደውም። አራት ቦታ አጥፎ ወደ ውስጠኛው ኪሱ መለሰው። ከዚያ እናቱን ከወንበሩ ለማንሳት ክንዱን ሰጣቸው።

"ቤት የሚበላ ምን አለ?" አለ።

"ምንም የለም። ማን ይመጣል ብዬ ላብስል?"

"ከመንገድ እንይዛለን።"

ሚስቴ ከደፉ ላይ ወርዳ፣ የጋራዡን ወለል በእግሯ ረግጣ፣ አሮጊቷን በሌላኛው ክንዳቸው ያዘቻቸው። ሥራዋ ነው፤ አያያዙን ታውቅበታለች። መኪናው ድረስ ሁለቱ በግራና በቀኝ ወሰዷቸው። ልጅየው የሮዝዌሉ አድራሻ የተጻፈበትን ወረቀት ከዳሽቦርዱ አንስቶ ከወንበሩ ሥር ሲጥለው ሚስቴ አይታ፣ በኋላ ነገረችኝ።

"መስፉን ልመልስልዎት?" ብዬ ጮህኩ።

አሮጊቷ በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙ። "የትም ቢሆን ይሰማል፤ ለምን ታለፋዋለህ?"

ልጅየው የሾፌሩን በር ከፍቶ ቆመ። ጀርባውን ወደ ጋራዡ ለመስጠት ያመነታ ነበር። እኔ መስፉ አጠገብ ነኝ።

"ሰር" አለኝ፣ "ከመሄዳችን በፊት በሩን ይዘጉልኛል?"

የሰው ጭንቀት አይቼ እምቢ ማለት አልችልም ብያለሁ። እሺ አልኩና ገመዱን ሳብኩ፤ ቆርቆሮው እየተንኳኳ ወርዶ መሬቱን ነካ። መኪናቸው ሲነሳ ሰማሁት። ሚስቴ ውጭ ነበረች። እኔ ግን የዘጋሁት ከውስጥ ነው፤ ከመስፉ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።